በባሕርሽ ቀናሁ

ሰንዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን አውጥተን፣ ዕድርተኛው ድንኳኑንና ወንበሩን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ልጽፍልሽ ቁጭ ብዬ ነበር። ብዕሩን ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ወቀሳ ብቻ ሆነብኝና ተውኩት። ዛሬ ግን የምነግርሽ አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራሽ። ብስራት ቂሊንጦ ፋብሪካ ገብቷል፤ በማለዳ ሰርቪሱ ከአስፋልቱ ዳር ይወስደዋል። ልጃችን ካንቺ ሞት ወዲህ ዝምተኛ ሆኗል፤ ግን ደኅና ነው። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዘመን ቆሜ ብረት የቀረጽኩበትን ቶርኖ ማሽን ለተካኝ ሰው ሳስረክብ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እነ እትዬ አስካለ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሠፈሩን ለቀቁ። ወንዙ እንደምታውቂው ነው፤ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን እንደ ዝገት ቀይ ሆኖ ይወርዳል። መነጽርሽ ራዲዮኑ አጠገብ እንዳስቀመጥሽው አለ። ብስራት ሊያነሳው ሲል ተቆጣሁት።

ሰንዬ፣ ቀናተኛ እንደነበርኩ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ግን መጀመሪያ የቀናሁት በሰው እንዳልነበረ ነው። በባሕሩ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ከአሰብ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረሽ፣ እዚሁ በሰቃ ሠፈር አጎትሽ ግቢ ስትገቢ እኔ የዚያው ግቢ ተከራይ ነበርኩ። ይዘሽ የመጣሽው አንድ ሻንጣና በፎጣ የተጠቀለለ የመጥለቂያ መነጽር ነው። የባሕር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያ ነሽ ሲባል ሰዉ፣ ባሕሩ ከሄደ የባሕር ባለሙያ ምን ይሠራል እያለ ይቀልድ ነበር። አንቺም አብረሽ ትስቂያለሽ። ቅዳሜ ከሰዓት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስለ ባሕር ኤሊዎቹ ትነግሪኝ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ አሸዋው ላይ የተዉትን ዱካ እየተከተልሽ፣ እንቁላላቸውን የቀበሩበትን ሰውና ውሻ እንዳያወጣው እንዴት እንደምትጠብቂ። ስትናገሪ ዓይንሽ እኔን አልፎ ሩቅ ይሄድ ነበር።

ያን ዓይንሽን ወድጄ አገባሁሽ። ከተጋባን በኋላ ያሳምመኝ ጀመር። እኔ የማላውቀው፣ ልደርስበትም የማልችል ቦታ በልብሽ ውስጥ ነበር። ስለ ባሕሩ አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር ወይ ራዲዮኑን እከፍታለሁ፣ ወይ ተነሥቼ እወጣለሁ። ቀስ በቀስ ማውራቱን ተውሽው። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የገባሽው ያን ጊዜ ነው። ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን ብለሽ፣ ስለ ዓሣ ጥበቃ የሚወጣውን ሕግ ከሚያረቁት አንዷ ሆንሽ። የመረቡ ዓይን ከጠበበ የዓሣውን ጫጩት ሁሉ ይጨርሰዋል ብለሽ ከአለቆችሽ ጋር ስትከራከሪ ሰነበትሽ። የመረብ ዓይን መለኪያ ስትፈልጊ የሠራሁልሽ እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓቴ ከቁራጭ ነሐስ ጠርቤ፣ በየሚሊሜትሩ ጭረት አውጥቼ አመጣሁልሽ። በሰው ፊት ሳምሽኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ከዝዋይ መስክ ስትመለሺ ልቀበልሽ ሳሪስ አቦ መታጠፊያው ላይ ቆሜ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ቆመ፤ አንቺ ወረድሽ፤ ዮሐንስም ሻንጣሽን ሊያቀብልሽ ወረደ። ከአሰብ ጀምሮ የሥራ ባልደረባሽ የነበረ፣ አብሮሽ ጠልቆ ኮራል የቆጠረ ሰው ነው። የሠራሁልሽ የነሐስ መለኪያ በሸሚዙ ኪስ ነበረች። ሥራ ላይ ውላ ነው እዚያ የገባችው፤ ይህን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን በዚያች ነሐስ ውስጥ ስንት ነገር አየሁ። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩሽም።

ወዲያው የጅቡቲው መጣ። ስለ ቀይ ባሕር ጥበቃ የአካባቢው አገሮች ይመክራሉ ተብሎ መሥሪያ ቤትሽ አንቺንና ዮሐንስን መረጠ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ባሕሩን ልታዪው ነው። ሳምንት ሙሉ ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽ። እዚያ የምታቀርቢውን ጽሑፍ ወጥ ቤት ቆመሽ ለራስሽ ታነቢዋለሽ፤ እኔ ስገባ ዝም ትያለሽ። ያ ዝምታ እኔው ያስተማርኩሽ መሆኑን ረስቼ፣ የምትደብቂኝ ነገር አለ አልኩ። መሄጃሽ ሲደርስ በሩ ላይ ቆሜ፣ "ከሄድሽ በዚህ በር አትመለሺም" አልኩሽ።

አልጮኽሽም፤ አላለቀስሽም። ልብሱን ከሻንጣው አንድ በአንድ አውጥተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ መለስሽው። ለመሥሪያ ቤቱ ልጄ ታሞብኛል ብለሽ ደወልሽ። ብስራት በዚያ ሰዓት ግቢ ውስጥ ኳስ ይጠልዝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ሥራውን ለቀሽ እዚሁ ሠፈራችን ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ማስተማር ጀመርሽ። ጎረቤቱ፣ ለልጇ ስትል ነው ቤቷ አጠገብ የገባችው አለ። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው ብዬ ነገርኩ።

ከዚያ ደግሞ በተማሪዎችሽ ቀናሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ የጃም ጠርሙስ አስይዘሽ ወደ ወንዙ ትወስጂያቸዋለሽ፤ በየትኛው ውኃ ነፍሳት እንዳሉ፣ በየትኛው እንደጠፉ ታስቆጥሪያቸዋለሽ። መንገድ ላይ ከማዶ ቲቸር ብለው ይጣሩሻል። ታክሲ ስንገባ ረዳቱ ያስተማርሽው ይሆንና ሒሳብ አልቀበልም ይላል። አጠገብሽ ተቀምጬ ማንም ልብ አይለኝም ነበር።

ለቅሶሽ ላይ ዮሐንስ መጣ። ሸምግሏል፤ ከዘራ ይዟል። አጠገቤ ተቀምጦ ሲያጽናናኝ ቆይቶ ስለ ጅቡቲው አነሳብኝ። ጽሑፍሽን እሱ እንዳነበበው፣ ግን በስምሽ እንዳነበበው፣ ሰዉም ቆሞ እንዳጨበጨበ ነገረኝ። ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም ሰንዬ፤ ቀናሁ። እኔ አንድ መስመር ያልሰማሁትን እሱ ከላይ እስከ ታች አንብቦታል። እጁን ጨብጬ ከሸኘሁት በኋላ ጓዳ ገብቼ ቆምኩ።

አሁን የምነግርሽ ስለ ሰሚራ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው የስልጤው አቶ ሙዘይን ልጅ፣ ተማሪሽ የነበረችው። ዛሬ አንቺ ባስተማርሽበት ክፍል አስተማሪ እሷ ናት። በአርባሽ መጥታ፣ ማስተማሪያ ደብተርሽን ለእሷ እንደምትተዪላት ነግረሻት እንደነበር አንስታ፣ እንድሰጣት በአክብሮት ጠየቀችኝ። አልተገኘም አልኳት። ቁም ሳጥን ውስጥ ከነጠላሽ ሥር ነበር።

ለብቻዬ ላነበው ፈለግሁ። ለእኔ ያልነገርሽኝን ሁሉ ለእነሱ ጽፈሽዋልና፣ ቢያንስ ደብተሩ የእኔ ይሁን አልኩ። ግን ግማሹ በባዕድ ፊደል የእንስሳት ስም ነው፤ ግማሹ ቀስትና ሥዕል። ስንት ወር ገለባበጥኩት። አንድ ቦታ በአማርኛ፣ "እዚህ ጋ ልጆቹ ይሥቃሉ" ብለሽ ጽፈሻል። ምኑ እንደሚያሥቅ ግን አልገባኝም። ከአንድ ወር በፊት፣ ሐሙስ ቀን፣ ተሸነፍኩና ደብተሩን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ሰሚራ ክፍል ውስጥ ነበረች። በር ላይ ስታየኝ ትምህርቱን አቋርጣ መጣች፤ እስክትጨርስ ልጠብቅ ብላት ግቡ አለችኝ። ከመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ልጆቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። የምታስተምረው ስለ ኮራል ነበር። ሲያዩት ድንጋይ ነው፣ ግን ሕይወት አለው፤ እሱ ሲሞት ዓሣው ሁሉ ቤት አልባ ይሆናል አለች። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ባሕር ለሌለን ለእኛ ምን ያደርግልናል አለቻት። ሰሚራ እኔን ትክ ብላ አየችኝና መልሱ የራሷ እንዳልሆነ፣ ያንቺ እንደሆነ ነገረቻቸው።

"የኛ ወንዝ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ባሕር ባይደርስም፣ እስከሚቀርበት ድረስ የሚጠጣው ሰው አለ።"

ልጆቹ ጻፉት። እኔ ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ ቀረሁ።

ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ሲወጡ፣ ስለ እኔ የነገረቻችሁ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አቀረቀረች። አንድ ጊዜ ተማሪዎች ሆነው ባሕሩን ለምን እንደተውሽው ጠይቀውሽ እንደነበርና፣ እየሣቅሽ፣ "እቤቴ ውኃ የሚፈራ ሰው አለ" እንዳልሻቸው ነገረችኝ። "እኛ ቀልድ መስሎን ሣቅን፤ ይቅርታ ጋሼ" አለችኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ለማንም አላሳጣሽኝም። ዮሐንስ እስካሁን ልጅሽ ታሞ እንደነበር ነው የሚያውቀው። እናቴ እስክትሞት ድረስ ምራቴ የልጅ ፍቅሯ እያለች ታመሰግንሽ ነበር።

ደብተሩን ሰጠኋት። የዋሸኋትንም ነገርኳት፤ ደብተሩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ እንድሰማ ፈቅዳልኛለች። ልጆቹ የሱፐርቪዥን ሰው እመስላቸዋለሁ መሰለኝ፣ ስገባ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። እነዚያ ልጆች ሳይለምኑ ያገኙትን እኔ በስተርጅና ከኋላ ወንበር እየለቀምኩ ነው፤ ሳያቸው ያንገበግበኛል። አልረሳሽም፤ ያደረግኩብሽንም አልረሳም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ እኖራለሁ።

ዛሬ ከክፍሉ ስወጣ ሰሚራን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ቲቸርሽ መጀመሪያ ቀን ወደ ባሕሩ ስትገባ ፈርታ ነበር?" አልኳት።

"እሱን አልነገረችንም ጋሼ" አለችኝ።

ልጆቹ ስለ ዓሣው፣ ዮሐንስ ስለ ሥራው ጠይቀውሽ ይሆናል። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ደጃፍ ላይ፣ አጠገብሽ ተቀምጬ።

ያንቺው ታደሰ