የእትዬ ዘነበች ማድጋ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ዛሬ ደሜ እንደፈላ መሸ። የአባቴን አሮጌ ቤት አድሼ በርካሽ ላከራየው ብዬ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሳቦካ ሰነበትኩ። ዛሬ ጎረቤቶቼ ሊመርጉልኝ በደቦ መጡ። ግድግዳው እኩሌታው ተመርጎ ሳለ እትዬ ዘነበች፣ «ለመሆኑ ማን ሊገባበት ነው?» አሉኝ።

«ሸክላ ሠሪዋ አስካለ» አልኳቸው።

«ቡዳ አምጥተሽ አጠገቤ ልታስቀምጪ!» ብለው እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። እንግዲህ የቀረውን ነገ ብቻዬን እመርገዋለሁ እንጂ ቃሌን አላጥፍም።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ይህ አይደለም። እትዬ ዘነበች ከደጅ ተመለሱና ለጭቃው ውሃ የቀዳንበትን ማድጋቸውን አንስተው እንደ ሕፃን አቀፉት።

«እንዳይሰበርብኝ» አሉ፤ «የአስካለ እጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ሌላ አላገኝም።»