መተውን ለማስመስከር በርጫ ቤት የተላከው ወንድሜ

ይድረስ በመካነ ሰላም ከተማ ስሙን ለማልጠራው የጤና ተቋም የካርድና መረጃ ክፍል ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ አለኸኝ፤

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ወንበር ድረስ ይድረስልኝ። እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም ኮምፒውተርዎም ደህና ናችሁ? ጀሊሉም ጻድቃኑም ሁለታችሁን በእኩል ይጠብቁልን፤ አንዳችሁ ብትታመሙ ሌላኛችሁ የሚያምነው ሰው የለውምና።

እኔ ፈንታው እባላለሁ። ትምህርቴን ትቼ ከዘጠነኛ ክፍል በር ላይ የተመለስኩ፣ መናኸሪያ ውስጥ ለሚኒባስ ተሳፋሪ የምጠራ፣ በሰው መቀለድ የማበዛ ልጅ ነኝ። እርስዎም ያውቁኛል፤ ዓምና ክንዴ ተሰብሮ ስመጣ «የእርግዝና ክትትል» ብላችሁ የመዘገባችሁት እኔን ነው። ያን ጊዜ ስቄ አልፌዋለሁ፤ ጓደኞቼም እስከ ዛሬ «ምን ተገላገልክ?» ይሉኛል። የአሁኑ ግን የታላቅ ወንድሜ የአራጌ ጉዳይ ነውና መሳቁ አቅቶኛል። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ተማረ ሰው በተራ ቁጥር አቅርቤአለሁ።

፩ኛ) አራጌ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ከእኛ እስከ ደሴ ያለውን መንገድ እንቅልፍ ሳይጥለው ለመጨረስ ጫት ይቅም ነበር፤ መጀመሪያ ለመንገዱ ሲል፣ ኋላ ግን መንገድም ሳይኖር። በመጨረሻ እንቅልፍ ጭራሽ ከዳው፤ የሌለ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ እያየ ፍሬን መያዝ ጀመረ። እናታችን ወይዘሮ የሻለም እየጎተተች እናንተ ዘንድ አመጣችው፤ ሲስተር ሐረግ አከመችው፤ ቀጠሮ ሳያጓድል ተመላልሶ ተወ። ከተወም ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ተኝቶ ሲያንኮራፋ እናታችን በሩ ላይ ቆማ እንደ ዘፈን ታዳምጠው ነበር። ለዚህ ተቋምዎን ከልቤ አመሰግናለሁ። ይህችኛዋ ምስጋና እሾህ የላትምና በደንብ ይያዙልኝ፤ ከዚህ በታች እህት አያገኙላትም።

፪ኛ) አራጌ መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ የጤና ማስረጃ ሊጠይቅ ሲመጣ፣ ከኮምፒውተርዎ የወጣችው ኮድ «አነቃቂ ዕፅ ያለአግባብ የሚጠቀም» የምትል ሆና ተገኘች። ሲስተር ሐረግ እንዳስረዳችን ይህ ኮድ ጅራት አለው፤ መጨረሻው ላይ የምትቀጠል አሃዝ ሰውየው ትቶ ማገገሙን ትናገራለች። እሷ በካርዱ ላይ አሟልታ ጽፋዋለች። የእርስዎ ክፍል ወደ ኮምፒውተር ሲያስገባው ግን ጅራቱን ቆርጦ አስገባው። በእኛ አገር በግ ሲገዛ እንኳ ቀድሞ የሚዳበሰው ላቱ ነው፤ ሰው ሲመዘገብ ግን የኋላው እንደማያስፈልግ ስላስተማሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፫ኛ) ሲስተር ሐረግ «ላስተካክለው» ብትልዎ፣ ሐኪም የሚጽፈው ታማሚው የነገረውን ነው፣ ይህም ማስረጃ አይሆንም ብለው በትሕትና መለሷት። እናታችን «አንድ ጣራ ሥር የምንኖር ነን፣ እኔ ልመስክር» ብትል፣ እናት ለልጇ አትመሰክርም አሏት። ከዚያም ጥበብዎን ገለጡ፦ የጫትን ነገር ከቃሚ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ቀድሞ አብረውት ይቅሙ የነበሩ ሰዎች ቀርበው መተዉን በመሐላ ያረጋግጡ።

፬ኛ) እነዚህ ምስክሮች ፋሩቅ፣ ታደለና ጋሹ ናቸው። ቃሚዎች ይሁኑ እንጂ ሐሰተኞች አይደሉም፤ በእኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ያላየውን አይምልም። ፋሩቅ «ወላሂ አራጌ፣ ከተውከን ወዲህ ዓይንህን አላየንም፤ ያላየነውን ምን ብለን እንማልልህ? አብሽር፣ ናና ተቀመጥ፤ ሳትቅም እንይህና ደረታችንን ነፍተን እንመሰክራለን» አለው። ይህ ሲነገርዎ «ትክክለኛ አሠራር ነው» ብለው አጸደቁት።

አራጌም ሸሽቶት ወደ ኖረው በርጫ ቤት፣ ቃሚዎች ተሰብስበው ወደሚቅሙበት፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ለውዝና ውኃ ይዞ ተቀመጠ። ጋሹ «አማት ቤት እንደ ገባ ሙሽራ አቀርቅረህ ለውዝ ትቆረጥማለህ እንዴ?» እያለ ሲያፌዝበት፣ ታደለ «ተወው አንተ፣ ምስክርነት ላይ ነን» እያለ ይቆጣው ነበር አሉ። እየተመላለሰ ተቀመጠ። እነሱም እያዩት ቃሙ። አንድ ቀን ታዲያ ምርቃናው ሞቅ ብሎ ሁሉም በየሐሳቡ ሲጓዝ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ ከተጣለው ገራባ፣ ከጫቱ ትራፊ፣ መካከል ቅጠሏ ያልረገፈ አንዲት ቀንበጥ አነሳ። ፋሩቅ «አራጌ፣ ተው እንጂ፤ ምን ብለን ልንመሰክር ነው?» ሲለው አፉ ሥራ ይዞ ነበር።

፭ኛ) ምስክሮቹ በተባለው ቀን ቢሮዎ ቀርበው እውነቱን ተናገሩ፦ ተቀመጠ፣ አየነው፣ ቃመ። እርስዎም «ኮምፒውተር መቼ ተሳስቶ ያውቃል» ብለው መዝጊያውን ዘጉ። ሌላው ዓለም ኮዱን በሰውየው ልክ ለመስፋት ሲደክም፣ እርስዎ ሰውየውን በኮዱ ልክ ሰፍተው አለበሱልን። ያች ጅራተ ቆራጣ ኮድ ዛሬ አንዲት ስሕተት የለባትም።

አራጌ እንደገና እንቅልፍ የለውም። የመኪናው ባለቤት ቁልፉን ለሌላ ሾፌር ሰጥቷል። ሲስተር ሐረግ ቤት ድረስ መጥታ «ወንድሜ፣ መውደቅማ የዚህ በሽታ ጠባይ ነው፤ ተነሥ፣ እንደገና እንጀምር» ብላ ብትለምነው፣ «ብተውም ባልተውም እናንተ ዘንድ ያው ነኝ፤ ለምኑ ልምጣ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ምግብም እየተወ ነው። እናታችን አንዳች ነገር እንድል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ እኔም ወረቀትና እስክሪብቶ አነሳሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከታላቅ ሥራዎ መካከል ጥቂት ጊዜ ቆጥበው፣ ወንድሜ ዳግመኛ ታክሞ ሲተው የሲስተር ሐረግ ቃል ብቻውን እንደሚበቃና የኮዷም ጅራት ሳትቆረጥ እንደምትገባ የሚገልጽ አንድ መስመር ጽፈው ይፈርሙልኝ ዘንድ መሬት ስሜ እለምናለሁ። ለአራጌ የማሳየው ነው። ሌላ የማሳየው ነገር የለኝም።

ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ መብራትዎ ሳይጠፋ፣ ማንም ባለጉዳይ እንቅልፍዎን ሳይነካ ብዙ ዘመን ይኑሩልን እያልኩ፣ ይህንን በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ትሑት ታዛዥዎ፣

ፈንታው

ማሳሰቢያ፦ ከምስክሮቹ አንዱ ፋሩቅ፣ አራጌ ላይ የሆነውን አይቶ እሱም ጫት ለመተው ቆርጧል፤ እኔንም ምስክር ሁነኝ ብሎኛል። እኔ ግን ቅሜ ስለማላውቅ በደንብዎ መሠረት ለምስክርነት አልበቃም። መቃም የምጀምረው ከዛሬ ነው ወይስ እሱ እስኪተው ልጠብቅ? እንደሚያዙኝ እሆናለሁ።