ለሚሠራው አሳንሰር ምስጋና፣ ከዘጠነኛ ፎቅ

ለክቡር የሕንፃዎች ጉዳይ ሚኒስትር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ ትንፋሽዎ ደህና ናቸው? ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ እኛ ዘጠነኛ ፎቅ የምንኖር ሰዎች ጤናን የምንለካው በነዚህ በሦስቱ ስለሆነ ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከእናቴ ጋር በአንድ የመንግሥት መኖሪያ ሕንፃ እኖራለሁ። ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ በእርስዎ ቸርነት «ተከሳሽ» የሚል ማዕረግ አግኝቻለሁ። በቤተሰባችን ማዕረግ ያገኘሁ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጊዜዎን ላለመሻማት አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ከሐኪም ቤት በተመለሰች በሦስተኛው ቀን አሳንሰሩ ቆመ። ወደ ላይ የወጣችው በእሱ ነበር፤ ይኸው ሰባት ወር ሆናት፣ መሬት አልረገጠችም። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየተመላለሰች እግሯን እንድታፍታታ አዝዞ ነበር፤ እግሯ ግን እኔ እያየሁት እየደረቀ ነው። ቀኑን ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጣ ስለምትውል የሰፈሩን ሰው በአናቱ መለየት ለምዳለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለውን ተረት ግማሹን እሷ ከላይ ሆና ታረጋግጣለች፤ ሌላውን ግማሽ አብረን በቴሌቪዥን እናየዋለን።

ሁለተኛ። ለቤቶች ጽሕፈት ቤቱ አምስት ወር ሙሉ ካመለከትኩ በኋላ አንድ ሐሙስ ቀን የጥገና ባለሙያ መጣ። አዲሱን የብረት ገመድ በትከሻው ተሸክሞ ነበር የመጣው። የተበላሸውን ፈትቶ አወረደና ሰኞ እንደሚጨርስ ነገረን፤ እናቴም ጫማዋን አስጠረገችኝ። እሑድ እርስዎ በቴሌቪዥን ቀርበው በመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ የማይሠራ አንድም አሳንሰር እንደሌለ ለሕዝቡ አበሰሩ። ሰኞ ባለሙያው ተመልሶ የመጣው መፍቻዎቹንና ገመዱን ሊወስድ ነበር። «እህቴ፣ የሚሠራ ነገር ጠግን ብሎ ማን ይፈርምልኛል?» አለኝ፣ ዓይኔን ማየት ከብዶት። የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ መዝጋቢም በማመልከቻዬ ላይ «ተፈጽሟል» የሚል ማኅተም መታችበት። እርስዎ ያን እሑድ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ አሳንሰሩ ሰኞ ይሠራ ነበር።

ሦስተኛ። የስድስተኛ ፎቋ እርጉዝ ጎረቤታችን እርስዎን አምና፣ ዕቃ ተሸክማ፣ ቁልፉን እየተጫነች ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ አገኘኋት። ልብስ ከምቀድበት ወረቀት ቆርጬ «አሳንሰሩ አይሠራም። በደረጃ ውጡ።» ብዬ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አራት ቃል ነው። አንድ መንገደኛ ፎቶ አንስቶ በየስልኩ በተነው፤ እኔም ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት ሕዝብን አደናግረሻል ተብዬ ተጠራሁ። መርማሪው እንኳ ጨዋ ሰው ነበር፤ ወንበር ስቦልኛል። ሄዶ በዓይኑ እንዲያይልኝ ብለምነው «እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ የኛ የቃል ጉዳይ ነው» አለኝ።

አራተኛ። ባለፈው ሳምንት የላኩልን የአጣሪ ኮሚቴ ሦስት አባላት ደርሰውናል። በራችንን ያንኳኩት ላብ በላብ ሆነው ነው። ሰብሳቢው መናገር ስላቃታቸው በእጃቸው ውኃ ጠየቁ፤ በእናቴ ባለጎማ ወንበር ላይም ትንሽ አረፉ። እናቴ «አይዞህ ልጄ፣ ቁልቁለቱ ይቀላል» ብላ አጽናናቻቸው። ከዚያ ቅጹን አውጥተው ሞሉ። ቅጹ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ዘጠነኛ ፎቅ ደርሷል ወይ? ደርሷል። ይህ ቅጽ አሁን ከክስ መዝገቤ ጋር ተያይዟል።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ሐሳብ ልግባ። ሕዝብን የሚያሳስት ንግግር የተናገረ ፖለቲከኛ በፍርድ ቤት ይጠየቅ የሚል ረቂቅ በቀረበ ጊዜ፣ «ይህ ከሆነ ማን ደፍሮ ይናገራል? የእኛ ዳኛ ሕዝብ ነው፣ ፍርድ ቤታችንም ምርጫ ነው» ብለው መቃወምዎን ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ ከእርስዎ ጋር ነው። ቃል ገብቶ ያልሞላለት ሰው ሁሉ ቢከሰስ እኔም ልብስ በቀጠሮ አላደርስም። በስህተት የተናገረም ይታረም እንጂ አይታሰር። እንዲህ ያለ ሕግ ነገ በማን እጅ ገብቶ የማንን አፍ እንደሚዘጋም አላውቅም። ነገር ግን ገመዱ ወርዶ ወለል ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ አሳንሰሩ መቆሙን የሚገልጸው የቤቶች ጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ጠረጴዛዎ ላይ ሳለ፣ ይሠራል ማለት ስህተት ነው ወይስ ሌላ ስም አለው? ሕጉማ አለ እኮ፤ እኔን አግኝቶኛል። ወደ እርስዎ ፎቅ ለመውጣት ብቻ አሳንሰር አጥቷል። ምርጫው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ድምፅ መስጫውም ምድር ላይ ነው። እናቴ በምን ወርዳ ትፍረድዎ?

ችሎቴ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ጎረቤቶቼ ሁሉ እውነቱን ያውቃሉ፤ የሚኖሩት ግን በመንግሥት ቤት ነውና ለመመስከር ፈሩ፣ አልፈርድባቸውም። ያለችኝ ምስክር እናቴ ብቻ ናት። በወንበር ተሸክመን እንዳናወርዳት ደግሞ፣ ከዘጠነኛ ፎቅ ወርዳ ችሎት የቀረበች አሮጊት አሳንሰሩ ለመሥራቱ ማስረጃ ናት ብለው ዐቃቤ ሕጉ ከወዲሁ ነግረውኛል። ካልወረደች ደግሞ ምስክር የለኝም። ብትወርድ እታሰራለሁ፣ ባትወርድ እታሰራለሁ፤ እኔ ከታሰርኩ ለእሷ ውኃ የሚያወጣላት የለም። በጣም ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

ስለዚህ እርስዎ ይታሰሩ አልልም። የምለምነው የእኔ አራት ቃልና የእርስዎ የአንድ ሰዓት ንግግር በአንድ ሚዛን እንዲቀመጡ ነው። ይህ ከበዛ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ይምጡና በሚሠራው አሳንሰር እናቴን ራስዎ ያውርዱልኝ። ካወረዱልኝ ጥፋቴን አምኜ እጄን እሰጣለሁ። እሷ እንደሆነች ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ የተጠረገ ጫማ አላት።

ረጅም ዕድሜ፣ ጠንካራ ጉልበትና በአጠገብዎ ደፍሮ «አይሠራም» የሚል አንድ ሰው ይስጥዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ከላይ ወደ ታች እጅ እነሣለሁ።

የዘጠነኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣
ተከሳሽ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲወጡ ሙቀት ቢጸናባቸው ኮታቸውን አውልቀው በሰባተኛው ፎቅ የደረጃ መደገፊያ ላይ ሰቅለው ነበር፤ ሲወርዱ ረስተውት ሄደዋል። የመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ደረቱ ላይ አለ። ማንም እንዳይነካው ለጎረቤት ሁሉ ነግሬአለሁ። ችሎቱ ወጥቶ እንዲያየው እጠይቃለሁ፤ ችሎቱ እምቢ ካለኝ ግን እርስዎ ሰው ልከው ያስወስዱት። የሚመጣው ሰው ውኃ ይዞ ይምጣ።