ለዓሦቹ የሠራሁት ጣራ

ለልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽንስ ሳሉ ለቀቀው? ዓሦችሽስ? የተረፉትን ማለቴ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ እጄ መዶሻ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም። ጎረቤት እንዳላስጽፍ ደግሞ ነገራችን ከደብዳቤው ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ያን ቀን ከመሥሪያ ቤትሽ ሳልሰናበትሽ የወጣሁት ተቆጥቼ ነው። አሁንም አልበረደልኝም፣ ይህን እወቂ።

እስቲ እኔም ልናገር። ና ሥራዬን እይ ብለሽ የወሰድሽኝ አንቺው ነሽ። ጥቁር መነጽር አጠለቅሽልኝና በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ፣ ሰሃን ውሃ ላይ ያሉትን የዓሣ እንቁላሎች አሳየሽኝ። በማጉያው ሳያቸው ገና ያልተፈለፈሉት ልባቸው ትር ትር ይላል። ከላያቸው ያ ሐምራዊ መብራት። ጨረሩ ፀሐይ ውስጥ ያለው ዓይነት ነው አልሽ፤ አልትራ ምናምን። በእያንዳንዷ ውስጥ ዘረመል የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ሁሉም ግን ባንዴ አይሠራም፣ ተኝቶ የሚቆይ አለ፤ ጨረሩ ሲጎዳቸው ጠጋኙ ትእዛዝ ይነሳል፣ ሲበዛባቸው ግን ጠጋኙ ይሸነፍና ጀርባቸው ጎብጦ ያድጋሉ አልሽ። የቱ እንደሚነሳ፣ የቱ እንደሚተኛ ለማወቅ ነው የምለፋው አልሽ። ገብቶኛል። ደንቆሮ አይደለሁም።

ከዚያ ስልክ ተደወለልሽና፣ አባዬ ምንም እንዳትነካ ብለሽ ወጣሽ። ወሬሽም አያልቅ።

እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ሰው ፀሐይና ዝናብ እንዳይመታው ቆርቆሮ ሲመታ የኖረን ሰው፣ ጥላ ከሌላቸው ሕፃናት ጋር ብቻውን ትተሽ መሄድሽ የማን ጥፋት ነው? ጠረጴዛው ላይ ባዶ ካርቶን ነበር። አጠፍኩት። ውሃ ወዲህና ወዲያ የሚያወርድ፣ ጠርዙ እንኳ ትንሽ ወጣ ያለ። ሳጥኑን ከፍቼ ከደንኳቸው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ልኩን የጠበቀ ጣራ ሠርቼ አላውቅም።

ስትመለሺ ቤቱን በጩኸት አናወጥሽው። ጨረሩን ጋረድክባቸው፣ ጠጋኞቹ ሳይነሱ ቀሩ፣ ልፋቴን ሁሉ ውሃ በላው አልሽ። ያ ረጅሙ ባልደረባሽ፣ ጋሼ የቤት ኪራዩ ስንት ነው ብሎ ሳቀ። እሱንስ ቻልኩት። አንቺ ግን በሰው ፊት፣ ለዓሣ ከምትከልል አፍንጫህ ጎን ያለውን ቁስል ሐኪም ብታሳይ ምናለ፣ ስንት ለመንኩህ፣ እንደ እማዬ አንተንም ሳትታከም ልቅበርህ ወይ አልሽኝ። እናትሽን ማንሳት አልነበረብሽም።

ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሐኪም ቤት ሄጃለሁ። አንቺ ስላልሽ አይደለም። ጢሜን ስላጭ ቁስሉ ደማ፣ ደሙም አልቆም አለ፤ ያኔ የጠጋኞቹ ነገር ትዝ አለኝ። በጋለ ቆርቆሮ ላይ፣ ከላይ ፀሐይ ከታች ነጸብራቁ፣ የእኔዎቹ ስንት ዘመን ሲጠግኑ ኖረው ይሆን? መቼም ደክሟቸዋል ብዬ አዘንኩላቸው። ለእነሱ ስል ነው የሄድኩት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በመብራት አየችው። ቆርጠን እናወጣዋለን፣ ምንነቱ ከዚያ ይመረመራል፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር አለችኝ። ሰው ይዘው ይምጡ አለች። እኔስ ምንድን ነኝ አልኳት። ሳቀችና፣ ሌላ ሰው ማለቴ ነው አባቴ፣ ሲወጡ የሚደግፍዎ አለች። የምደገፈው አላጣም፣ ግድግዳው ሞልቶ የለ ወይ አልኳት።

ቀጠሮዬ ረቡዕ ጠዋት ነው። እንዳትመጪ። ሥራሽን አንዴ አበላሽቼብሻለሁ፣ ሁለተኛ አላበላሽም። ደግሞ የፈራሁ እንዳይመስልሽ። ከሆስፒታሉ በር በስተግራ፣ ዛፉ ሥር፣ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከንጋት ጀምሮ እዚያ ነኝ። ጫፉ ላይ ነው የምቀመጠው። የቀረው ቦታ ባዶ ነው።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። እንቁላሎችሽ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ ይደጉልሽ። ያለ እናት የቀረችውን ልጄን ክፉ አያሳይብኝ።

አባትሽ