ያልተሳሳምንበት ፎቶግራፍ

ኔያፉ ከተማ፣ ቫቫኡ ደሴት
ነሐሴ 4 ቀን

ውድ ባለቤቴ ፌሌቲ፣

እንዴት ሰነበትክ? የአውስትራሊያ ብርድና የብርቱካን ለቀማው እንዴት ይዞሃል? እናትህ ጉልበታቸውን ተሽሏቸው ትናንት ከዘማሪዎቹ ጋር ቆሙ።

ቪዛውን እንደከለከሉኝ በስልክ ሰምተሃል፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ለካ እኔና አንተ በእውነት አልተጋባንም! ዱሮ የጋብቻ ወረቀትና የቄሱ ምስክርነት ይበቃ ነበር። አሁን ሕጉን አጥብቀውታል፤ ፍቅራችሁን አሳዩን ነው የሚሉት። በመርከብ ስንገላታ አድሬ ዋና ከተማ ኤምባሲያቸው ብደርስ፣ ጠያቂዋ አንዲት ልጅ እግር ናት። የሠርጋችንን ፎቶዎች አገላበጠችና፣

«በአንዱም ላይ አልተቃቀፋችሁም። ለምን?» አለችኝ።

«ያነሣን ወንድሜ ሶሳያ ነዋ!»

«እና?»

እና ትለኛለች! ሶሳያ እኮ እኔ ባለሁበት ክፍል ተቀምጦ ፊልም እንኳ አያይም። በእሱ ፊት ባሌን ብስም ካሜራውን ጥሎ በወጣ፣ እኔም የአገር መተረቻ በሆንኩ ነበር። «በእኛ ዘንድ እህት በወንድሟ ፊት…» ብዬ ስጀምር፣ «ባህል ማስረጃ አይሆንም» ብላ ጻፈች። ይህን ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው።

አንተ ደግሞ ባስክ! «ለገና ስመጣ ተሳስመን እንነሣና እንልካለን» ትለኛለህ በስልክ። ማን ሊያነሣን? ሶሳያ? ወይስ ቄሱ? ለእነሱ ብዬ ከንፈሬን አላሾልም። ትዳር በመሳሳም የሚጸና ቢሆን የእነሱ አገር ፍቺ ባላወቀ ነበር።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ያቺ ልጅ «በእርግጥ ባልና ሚስት ለመሆናቸው ማስረጃ የለም» ብላ ስትጽፍ፣ እኔ እንደ አገራችን ወግ ለክብር ብዬ ወገቤ ላይ በታጠቅሁት የሰሌን ምንጣፍ ሥር ልጅህን ይዤ ተቀምጫለሁ። የፀነስኩት ለፋሲካ የመጣህ ጊዜ ነው። አንድ ቃል ብተነፍስ ይሄኔ ቪዛው በእጄ ይሆን ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ዋጥኩት። አባቱ ያልሰማውን ለእሷ ልንገራት? እሷ ማን ናትና!

አንተ ከሰማህ በኋላ ይስሙ፣ ንገራቸው። አውስትራሊያ ቢቀርብኝ አላለቅስም። ብቻዬን መውለድ ግን እፈራለሁ፣ ፌሌቲ። የእነሱን ወረቀት ሳትጠብቅ ና።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ፣ እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

ቢያምኑም ባያምኑም ሚስትህ፣
ሉሴያኔ