ሎዌል ያልዘለለው አምስተኛ ዝላይ

ማርች 4፣ ሰኞ
ዝናብ። የማዕድ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል። ሎዌል "ነገ" አለ። የባሌን ነገ ቧንቧውም ያውቀዋል።
ከሰዓት ጸጉሬን ተሠራሁ። ወሬ ከጸጉር ቤት ነው የሚገኘው... በፍርድ ቤቱ አደባባይ ለቀድሞ ወታደሮች የመታሰቢያ ግንብ ሊሠራ ነው አሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ድንጋይ። ስሙ፣ የሠለጠነበት ሙያ፣ ካለውም ምልክቱ ይቀረጽበታል። ለሎዌል ስነግረው ባርኔጣውን አወረደና እላዩ ላይ የተሰካውን የአየር ወለድ ክንፍ ምልክት በእጅጌው ወለወለው። "ክንፌ ድንጋይ ላይ ሊወጣ ነው" አለ። እንደ ሙሽራ ነው ያደረገው።

ማርች 8፣ ዓርብ
ከቀድሞ ወታደሮች ክበብ፣ ከዓሣ ጥብሱ፣ አሁን ገባን። በጊዜ።
አዲሱ ጸሐፊ ዌንደል ለድንጋዩ የሁሉንም የስንብት ወረቀት እየሰበሰበ ነው። ሎዌል የእሱን ይዞ ሄዷል፣ ደረቱን ነፍቶ። ዌንደል ዓሣውን እያላመጠ ጮክ ብሎ አነበበው። "የከባድ መኪና ሹፌር።" ገለጥ አደረገ። "የአየር ወለድ ሥልጠና... አላጠናቀቀም።"
ሹካ ሁሉ ቆመ።
ከጥግ ያ ዶሮ አርቢው ቡዲ፣ "ሎዌል፣ ክንፉን ከየት ሱቅ ነው የገዛኸው? ለዶሮዎቼ ፈልጌ ነበር" አለ። ሳቁ! እኔም ትንሽ አመለጠኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሎዌል ተነሣ። ዓሣውን ትቶ። ሎዌል... ዓሣ ትቶ!

ማርች 9፣ ቅዳሜ
ይህን ሁሉ ዘመን ወረቀትህን አንብበህ አታውቅም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ "የስንብት ወረቀት የሚነበበው ሰውየው ሲቀበር ነው" አለኝ። ምን ይባላል?
ከዚያ ነገሩን አወጣው። ጆርጂያ፣ የዝላይ ማሠልጠኛው ካምፕ ውስጥ፣ ስም የሚባል ነገር የለም። የብረት ቆቡ ላይ ቁጥር ይለጠፋል፣ ሃምሳ አለቃው የሚጠራውም የሚመዘግበውም ቁጥሩን ነው። ሎዌል ስልሳ አንድ። አልጋ ጎረቤቱ ሃርላን ፕሩት ስልሳ ሁለት። ክንፍ ለማግኘት አምስት ጊዜ መዝለል ግድ ነው። የአምስተኛው ዝላይ ቀን ማለዳ ሃርላን ሆዱን አሞት መጸዳጃ ቤት ሮጠ፣ ሎዌል በጨለማ ተደናብሮ የሃርላንን ቆብ ደፍቶ ወጣ። ስልሳ ሁለት ዘለለ ተብሎ ተጻፈ። ስልሳ አንድ... ቀረ።
ማታ ክንፍ ሲሰካ ሃምሳ አለቃው ደረት እንጂ ቁጥር አላየም። ለሁለቱም ሰካላቸው። ወረቀቱ ግን ከመዝገቡ ተገለበጠ። ወዲያው የሎዌል ቁርጭምጭሚት ተሰበረና መሪ ጨበጠ። በቃ።
ያኔ ለምን አልተናገርክም አልኩት።
"ብናገር ሃርላን ከመጀመሪያው ሊጀምር ነው። እናቱ ደግሞ ለምርቃቱ አውቶብስ ተሳፍራ መጥታለች።"
የዚያን ዝላይ ታሪክ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። ንፋስ ገፍቶት ሀብሀብ ማሳ ላይ ወደቀ። ገበሬው ጠመንጃ ይዞ መጣ፣ አየው፣ አዘነለት፣ ሀብሀብ ሰነጠቀለት። ከደረት ኪሱ ጨው አውጥቶ ነሰነሰበት። ይኸው እስከ ዛሬ ሎዌል ያለ ጨው ሀብሀብ አይነካም። ሰው ቤት ስንጋበዝ እንኳ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይሄዳል፣ እኔን ሊያሳፍር።

ማርች 15፣ ዓርብ
ዓሣ ጥብስ አልሄድንም። ባርኔጣው ከመስቀያው ላይ የለም።

ማርች 17፣ እሑድ
ባርኔጣው ተገኘ። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከአጋዘኑ ሥጋ ሥር። አየሁት፣ መልሼ ሸፈንኩት።

ማርች 19፣ ማክሰኞ
ሎዌልን ጎትቼ ወደ ካውንቲው፣ ወደ ወረዳችን ቢሮ ወሰድኩት። ካውንቲው የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የምታይ ልጅ ቀጥሯል፣ ዳርሲ ትባላለች። ራሷም ወታደር ነበረች፣ ክንዷ ላይ ንስር ተነቅሳለች። የተመረጠች ልጅ ናት። ሎዌል ግን ወረቀት ከማሳየት ወንበር ላይ ወጣ! አየር ወለድ እንዴት እንደሚያርፍ ሊያሳያት። እግርና ጉልበት ገጠመ፣ ተወረወረ፣ ምንጣፉ ላይ በጎኑ ተንከባለለ። የአበባ ማስቀመጫዋንም ጠርጎ ሰበረው።
ዳርሲ ሰባራውን እየለቀመች፣ "በጣም ጥሩ ነው ሚስተር ሎዌል። ቅጹ ላይ ግን ይህን የምጽፍበት ቦታ የለኝም" አለችው። ምስክር ያስፈልጋል። አብሮት የሠለጠነ፣ ቃሉን የሚሰጥ።
"በሕይወት ያለ?" አለ ሎዌል።
"ቢኖር ይመረጣል።"
ያለው አንድ ሃርላን ነው። ከወንዙ ማዶ። ጀልባችንን ተውሶ ሳይመልስ የቀረው ሃርላን... ከዚያ ወዲህ አንዱ የአንዱን ስም አይጠራም። መኪና ውስጥ፣ "ሃርላንን ከምለምን ሹፌር ተብዬ ልቀበር" አለ።

ኤፕሪል 6፣ ቅዳሜ
እህቴ ጋ ነው የምሄደው ብዬ ወጣሁ። ዋሸሁ። የፖም ኬክ ጋግሬ ወንዙን ተሻገርኩ።
ሃርላን አርጅቷል፣ ሆዱ ግን ገና ወጣት ነው። ጀልባዋ ከጋራዡ ጎን ሸራ ለብሳለች፤ እንዳላየሁ ሆኜ አለፍኩ። የአካባቢው አየር ወለዶች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆኗል፤ ግድግዳው ሙሉ ክንፍ ነው። ሁለት ቁራጭ ኬክ እንደበላ ሳልጠይቀው ታሪክ ጀመረ... ንፋሱ፣ ሀብሀብ ማሳው፣ ባለ ጠመንጃው ገበሬ። የኔን ሰውዬ ዝላይ! ለእኔ! የሎዌል ሚስት መሆኔንም የረሳ ይመስለኛል።
ጨረሰ። "ጨውስ?" አልኩት።
"የምን ጨው?"
"ገበሬው ከደረት ኪሱ ያወጣው።"
ሹካውን አስቀመጠ። አንገቱ ቀላ፣ ጆሮው ተከተለ። "መጀመሪያ አንድ ሰርግ ላይ ለቀልድ ነው የተናገርኩት" አለ። ሰው ድገመው አለው። ደገመው። "ኋላማ ናዲን፣ የነፋሱ ድምፅ ሁሉ ይሰማኝ ጀመር።"
ምስክርነቱን እንዲፈርም ጠየቅኩት። "ከፈረምኩ እኮ አራት ዝላይ ነው ያለኝ። በአራት ክንፍ የለም። ሊቀ መንበሩ ደግሞ እኔ ነኝ።"
ብዙ የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ። ጠፋኝ። የወጣልኝ ይኸ ብቻ ነው... "ሎዌል ባርኔጣውን ከአጋዘን ሥጋ ሥር ነው የደበቀው።" ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ኤፕሪል 7፣ እሑድ
"እህትሽ የኬኩን ሳህን አልመለሰችም?" ይላል ሎዌል። ይኸ ሰው የልደቴን ቀን ይረሳል፣ ሳህን ይቆጥራል።

ኤፕሪል 22፣ ሰኞ
ዳርሲ ደወለች። ሃርላን ሳይጠራ መጥቶ ቃሉን ሰጠ! ከረባት አስሮ። ስልኩ ላይ አነበበችልኝ። "በዚያ ማለዳ የእኔን ቆብ ደፍቶ የዘለለው ሎዌል ቲግ ነው፣ እኔ መጸዳጃ ቤት ነበርኩ" ይላል። ዳርሲ፣ "መጸዳጃ ቤቱን እንተወው ብላቸው፣ እውነት ከሆነ ሙሉው ይጻፍ አሉኝ" አለች።
ለሎዌል ነገርኩት፣ የኬኩንም ጨምሬ። ይቆጣል ብዬ ነበር። መፍቻውን አመጣና ቧንቧውን ጠገነው።

ሜይ 30፣ ሐሙስ
ዳርሲ ቃሉን ለሠራዊቱ ልካለች፤ መልስ የለም። ሎዌል ፖስታ ሳጥኑ ጋ ወንበር አውጥቷል። ፖስተኛው ከሩቅ ጀምሮ ራሱን መነቅነቅ ለምዷል።

ጁላይ 11፣ ሐሙስ
መጣ!
"ተስተካክሏል" ይላል። የአየር ወለድ ሥልጠና፣ አጠናቋል። የክንፍ ምልክት፣ ይገባዋል። ሎዌል ቆሞ አነበበው፣ ተቀምጦ አነበበው። "ወረቀቱ ወፍራም ነው" አለ። ዓይኑ ውስጥ ነገር ገባ። ሁለቱም ዓይኑ ውስጥ። ባርኔጣውን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በረዶው ሳይለቅ ደፋው።

ጁላይ 12፣ ዓርብ
ዓሣ ጥብስ። ዌንደል እጁን ጨበጠው፣ ክንፉ ለድንጋዩ ተመዘገበ። ቡዲ ይቅርታ ለማለት እንቁላል አመጣ፣ ሎዌልም "ክንፍ ካላቸው ዶሮዎች ነው?" ብሎ ተቀበለው። ሁለት ሳህን ዓሣ በላ።
ታዲያ ምን ያደርጋል... ቡዲ ራሱ በወሬ መሐል፣ ሃርላን ሊቀ መንበርነቱን ለቀቀ፣ ክንፉንም አወለቀ አለ። ማንም ሳያስገድደው። ሎዌል ሦስተኛውን ሳህን ገፋው። ስንመለስ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር።

ጁላይ 20፣ ቅዳሜ
ስልክ ሲያወራ ከማዕድ ቤት ሰማሁት። (ማዳመጥ አይደለም፣ ቧንቧው ዝም ስላለ ነው የተሰማኝ።)
"ሃርላን። ሎዌል ነኝ።" "የሚቀርህ እኮ አንድ ነው። አንድ ብቻ።"
ምን ማለቱ ነው? በዚህ ዕድሜ?

ኦገስት 17፣ ቅዳሜ
ያለውን አደረጉት።
ከከተማው ወጣ ብሎ ትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ ገንዘብ ለከፈለ በጃንጥላ ያስዘልላሉ። ሃርላን፣ ያ ሁሉ ሆድ፣ ከአንዲት ቀጭን አሠልጣኝ ጋር በቀበቶ ታስሮ ወጣ። ቆቡ ላይ ሎዌል በፕላስተር ስልሳ ሁለት ብሎ ለጥፎለታል። ዳርሲ መጥታለች። ዌንደል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።
ጃንጥላው ሲከፈት እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሎዌል ቁርጭምጭሚቱን ረስቶ ከሥሩ ይሮጣል። "ስልሳ ሁለት! እግርና ጉልበት ግጠም!" ንፋስ ነበረ። ከሜዳው አሳልፎ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የሰው አኩሪ አተር ውስጥ ዘረገፋቸው። ልጅቷ ሳቀች፣ ሃርላን አለቀሰ... ወይም ተገላቢጦሽ፣ ከሩቅ አይለይም።
ስንደርስ ሎዌል ይዞት የመጣውን ሀብሀብ ከመኪናው አምጥቶ ሰንጥቆለታል። ከደረት ኪሱ ጨው አወጣ። ነሰነሰበት። ሃርላን ቀመሰ፣ አላመጠ፣ አገጩን ጠረገ።
"ለካስ ይኸ ነው" አለ።
ሎዌል የወለቀውን ክንፍ ከሃርላን ቦርሳ ፈልጎ ደረቱ ላይ ሰካለት። ሃርላን ወዲያው ዞር ብሎ ለዳርሲ፣ "አንድ ጊዜ ሀብሀብ ማሳ ላይ ወድቄ..." ብሎ ሊጀምር አፉን ሲከፍት፣ ሎዌል ክንዱን ያዘው።
"የራስህን አውራ። የአንተ አኩሪ አተር ነው።"

ኦገስት 18፣ እሑድ
ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ጀልባዋ ግቢያችን ቆማለች። ውስጧ የኬኬ ሳህን፣ ታጥቦ። ሞተሯ የለም። ሎዌልን ብጠይቀው "ነገ ያመጣዋል" አለ።