ዓሦቹ እስኪጠኑ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9

በአንቺ በኩል አልጋው ላይ ዓሦች ተኝተዋል።

አለቃዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የምታስታምሚያቸው እማማስ እንዴት ናቸው? ሌሊት ሌሊት መጣራቱን ቀነሱልሽ ወይስ አሁንም በደወል ያስሮጡሻል? እኔ ደህና ነኝ። ሳሉም ለቆኛል። የመታጠቢያው ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል፤ ጠግኜው አይደለም፣ ራሱ ሰለቸው መሰለኝ።

ዓሦች ስልሽ እውነተኛ ዓሣ እንዳይመስልሽ። የእኛዎቹ ናቸው፤ አጥማጆች መንጠቆ ላይ የሚሰኳቸው የፕላስቲክ ማባበያዎች። "መኝታ ቤት ፕላስቲክ አይገባም" ያልሽውን አልረሳሁም። ግን የት ላድርጋቸው? ጠረጴዛው ሞልቷል፣ መደርደሪያው ሞልቷል፣ የመስኮቱን ደፍ ፀሐይ ይመታዋል። የአሮጌውን ቁምሳጥን መስታወት አውልቄ በአንቺ በኩል ፍራሹ ላይ አጋደምኩትና እሱ ላይ ደረደርኳቸው። መቼም ታውቂያቸዋለሽ፤ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጡ ያለቀላቸው ይመስላሉ እንጂ ገና ናቸው። እስኪጠኑ ድረስ ቀናት ይፈልጋሉ። እስከዚያ ጅራታቸው ከታጠፈ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ከተነካኩም ቀለም ይወራረሳሉ። ስለዚህ ሳልገላበጥ ነው የምተኛው፣ እንደ ግንድ። አንቺ ስንት ዓመት "አትገላበጥ" ስትይኝ ያልሰማሁትን ለፕላስቲክ ብዬ ሰማሁ።

ማበጠሪያሽ ግን ተበላሽታለች። አልጋው ራስጌ፣ ስትሄጂ የተውሻት ቦታ ላይ ነበረች፤ አላነሣኋትም። አንዱ ዓሣ ከመስታወቱ ተንሸራቶ ጅራቱን አስደግፎባት አደረ። ለስላሳው ደረቁን ፕላስቲክ እንደሚበላ የማላውቅ ይመስል! ጠዋት ሳነሣት ጥርሶቿ ቀልጠው ተጣብቀዋል። ሌላ ልግዛልሽ አልግዛልሽ ገና አልወሰንኩም። እሱ በጠየቅሽኝ ነገር ነው የሚወሰነው።

የጠየቅሽኝን ይዤ ዝም ማለቴ ረስቼው አይደለም። ደብዳቤሽ እዚህ አጠገቤ ነው። ቀጣሪዎችሽ ውልሽን ለሁለት ዓመት እናድስልሽ ብለዋል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። "ለሥራው የማስፈልግ ከሆነ እመጣለሁ፣ ካልሆነ እፈርማለሁ፤ አንተ ያልከው ይሁን" ብለሻል። ባለፈው በስልክ ስታነሺብኝ እማማ ደወላቸውን ደወሉና አንቺ ሮጥሽ፤ እኔም ተረፍኩ። ምን እንደምልሽ አላውቅም ነበር። ለሥራው ታስፈልጊ እንደሆን ለማወቅ ስል የሆነውን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ባለፈው ሳምንት ባለ አንድ ቀለሞቹን ይዤ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። "ደህና ነህ?" ሲለኝ ድምፄ አልወጣ አለ። ጉሮሮዬን ሁለቴ ጠረግሁ። ከማንም ጋር ሳላወራ ሰንብቼ ኖሯል፤ እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋልኩትም። እሱ ምኑም አልገባው፤ አንዷን በጭራዋ ይዞ ያወዛውዛል።

"እነዚህ ምንም አይሉም" አለ። "ጀርባዋ ጥቁር፣ ሆዷ ነጭ የሆነችዋስ?"

"የለችም።"

"ሰው የሚጠይቀኝ እኮ እሷን ነው። ውኃው ጠርቷል፣ ዓሣው ነቅቷል፣ ባለ አንድ ቀለም አያታልለውም።"

"እሷን ለመሥራት ሁለት ሰው ይጠይቃል።"

"ታዲያ ሰው ፈልግ! እመቤቲቱ እስኪመጡ ገበያው ቆሞ አይጠብቀኝም። እስከ ቀጣዩ ሐሙስ ካላመጣህ ከፋብሪካ አስመጣለሁ። ቅር እንዳይልህ።"

"አይለኝም።"

"ፊትህ ግን ብሎታል" አለና ዓሣዋን መለሰልኝ።

የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። አንቺ የጋለ ነጭ ፕላስቲክ የያዘውን ሲሪንጅ፣ እኔ ጥቁሩን። ሁለቱም አፋቸው ያቺ ባለ ሁለት ቀዳዳ ብረት ላይ ይሰካል፣ ብረቷ ቅርጽ ማውጫው ላይ ትቀመጣለች። "በል" ስትይ እኩል እንገፋለን። አንዳችን ብንቀድም የአንዱ ቀለም የሌላውን ቦታ ይወስዳል፤ አንዱ ፈሳሽ ከቀዘቀዘ ደግሞ የተያያዙ መስለው ይወጡና ሲጠኑ ጎናቸው ላይ ይላቀቃሉ። አለቃ ያልኩሽ በዚያ "በል" ነው። እኔ ግን "በል" እስክትይ ጠብቄ አላውቅም። ትከሻሽ ትከሻዬን ሲነካ ነው የምገፋው። "በል" የምትይው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ የላይኛውን ፎቅ ሹፌር ጠራሁት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚወጣ የሚወርደውን ሲቆጥር ነው የሚውለው። ገና በሩን ሲያልፍ አፍንጫውን ያዘ።

"ምንድን ነው የምታበስለው፣ ሰውዬ?"

"ዓሣ።"

"የዓሣ ሽታማ አውቃለሁ።"

"የፕላስቲክ ዓሣ።"

"እንዲያ በል! እኔ ጎማ የተቃጠለ መስሎኝ ከላይ እየሮጥኩ መጣሁ። መኪና እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ ደረጃው ላይ ነው።"

ጓንት አጠለቅኩለት፤ ነጩን ሲሪንጅ ሰጠሁት፤ እኔ "በል" አልኩ። ፍሬን እንደሚረግጥ ሰው ተጫነው። ስንከፍተው ዓሣዋ ከአፍ እስከ ጭራ ነጭ ናት፤ ጥቁሩ ጀርባዋ ላይ እንደ ቅንድብ ቀጥኖ ቀርቷል።

"ይቺ እንኳ ታማለች" አለ ሹፌሩ።

ሁለተኛው ዙር ተሻለ። ብቻ ልንገፋ ስንል አንድ ጊዜ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለውን አውቶቡስ ታሪክ ጀመረልኝና እስኪጨርስ ነጩ በሲሪንጁ ውስጥ ቀዘቀዘ። ሽማግሌ ነው፤ አቋርጥ አልለውም። የሆነው ሆኖ ዓሦቹ አምረው ወጡ። ጀርባቸው ያብለጨልጫል። እጁን ጨበጥኩት፣ እሱም ሙያ የያዘ ያህል ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ቀን ቆጥረው ሲጠኑ አንዷን ባነሣ ጀርባዋ እጄ ላይ፣ ሆዷ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሌላዋም እንዲሁ። ሁሉም። ሹፌሩን ጠርቼ አሳየሁት።

"ታዲያ ምን አለበት?" አለ። "ሁለት ሁለት ሆኑልህ። አትርፈሃል።"

እኔ ግን ደስ አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። እሱ እንደወጣ ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ፤ "ለሥራው ታስፈልጊያለሽ፣ ነይ" ልል ነው። ነገሩ አለቀ። የማንንም ፊት ሳላይ፣ ሌላ ምንም ሳልል፣ መጋጠሚያው ተናገረልኝ ማለት ነው። ብዕሩን ሳነሣ ሹፌሩ ተመልሶ መጣ። ኮፍያውን ረስቶ ነው። ኮፍያውን አድርጎም አልወጣ አለ፤ ሁለቱን ሲሪንጅ እያየ ቆመ።

"እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሳንቃ ብትገፋቸውስ?"

"እንዴት?"

"ሳንቃውን በማጠፊያ ከጠረጴዛው ጋር አስረው። ስትጫነው ሁለቱንም እኩል ይገፋል። የእኔ አውቶቡስ አንድ ፔዳል ነበረው፤ ሁሉንም ጎማ ይይዝ ነበር። ያ ቁልቁለት ላይ ካልሆነ በቀር።"

ብዕሩን አስቀመጥኩት።

"እስከ ዛሬ እንዴት ሳታስበው ቀረህ?" አለኝ።

አላስፈለገንም ብዬ ሸኘሁት። አስቤው አውቃለሁ። ሥራውን በጀመርን ሰሞን፣ አንቺ መስኮቱ ጋ ቆመሽ ነጩን ስታማስዪ፣ ሳንቃና ማጠፊያ ቢኖር አንድ ሰው ይበቃል ብዬ አስቤ ዝም አልኩ። ማጠፊያውማ መሳቢያ ውስጥ ነበረ።

አሁን ግን አንዴ ተነገረ። ሐሙስ እየመጣ ነው፤ ባለሱቁ ቃሉን አያጥፍም። እሁድ ሳንቃውን አሰርኩ። ሁለቱን ፈሳሽ በየድስቱ አሞቅኩ፤ ወተት የመሰለው እየጠራ ወፍሮ መስታወት ሲመስል ቀለማቸውን ጨምሬ ቀዳኋቸው፤ ሲሪንጆቹን ሰካሁ። "በል" አልኩ። ለራሴ። ከዚያ አፍሬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ማን ያየኛል ብዬ እንደሆን እንጃ። ሳንቃውን ተጫንኩት።

አልጋው ላይ የተኙት እነዚያ ናቸው። ከእሁድ ጀምሮ አብረን እያደርን ነው። ዛሬ ይለይላቸዋል። ከተላቀቁ፣ ባለሱቁ የራሱ ጉዳይ፣ የአንቺ መልስ አጭር ነው፤ ነይ። ካልተላቀቁ የምጽፈውን ገና አላውቅም። ሥራ ካለሽም ለዚች ያህል ጠብቂኝ፤ አይቼ ልምጣ።

አየኋቸው።

አንዷን ከራስና ከጭራዋ ይዤ ሳብኳት። ተለጠጠችና ተመለሰች። ሁለተኛዋን መጋጠሚያዋ ላይ በጥፍሬ ቧጠጥኳት፤ ምንም። በጣም ሳብኳት፣ ጥርሴን ነክሼ። ልበጥሳት ፈልጌ ነው፤ አልዋሽሽም። ተበጠሰች። ግን ወገቧ ላይ ነው የተበጠሰችው፣ ጥቁሩም ነጩም አብረው፣ በአንድነት። መጋጠሚያው እንደሆነ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ የተያያዘ ዓሣ ከእኔና ካንቺ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ሳንቃ አያስነጥሰውም፣ አያኮርፍም፣ "ሞቀኝ፣ ትንሽ እንረፍ" አይልም። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ በእኔ በኩል፣ ሁለቱን ቁራጭ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው ሥራው ሲያምርለት እንዲህ ይከፋዋል እንዴ?

እንግዲህ ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው፦ ለሥራው አታስፈልጊም።

ልክ ነው፣ ሐሰት የለበትም፣ ግን እንዲሁ ፖስታ ውስጥ ቢገባ አንቺ ትፈርሚያለሽ። ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። የጠየቅሽው ስለ ሥራው ብቻ ነው። ለምን ስለ ሥራው ብቻ እንደጠየቅሽ ሳስብ ጣቢያው ትዝ አለኝ። አውቶቡስሽ ሞተሩን አስነሥቷል፣ አንቺ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ ታይኛለሽ፤ እኔ ሮጬ መጥቼ ምን አልኩሽ?

"ነጩ ቀለም የት ነው ያለው?"

"መታጠቢያው ሥር!" አልሽኝ። ሄድሽ። ቀለሙም በእርግጥ መታጠቢያው ሥር ነበረ።

በመለያያው ሰዓት ስለ ቀለም የሚጠይቅ ሰው፣ እሱም ስለ ሥራ ብቻ ነው የሚጠየቀው። አልፈርድብሽም። ግን ያልጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። እኔና ሥራው አንድ አይደለንም። ሥራው ያለ አንቺ ይሄዳል፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዲያውም ይሻለዋል። አትፈርሚ። እዚህ መጥተሽ ሥራ ላታገኚ ትችያለሽ፤ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እኔን ስትተቺ መዋል ነው። መኝታ ቤቱን ዛሬውኑ አጸዳዋለሁ። ፍራሹ ሽታ ይዞ እንደሆን ሌላ እንፈልጋለን።

ለእማማ ደህና ሰው ይስጥልኝ፤ ጉልበታቸውን ያበርታልኝ፤ ደወላቸውን የምትሰማ ፈጣን ልጅ አያሳጣቸው። አንቺንም መንገዱ ቀሎልሽ፣ ጤናሽ ሞልቶ፣ በዚህ በር ሲያስገባሽ ያሳየኝ።

ሹፌሩ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጮሃል። "ባለሱቁ ምሳ ከወጣ አታገኘውም! ቶሎ በል!" ይላል። ልክ ነው። ግማሾቹን ከረጢት ውስጥ ከትቻለሁ፣ ግማሾቹ መስታወቱ ላይ ናቸው። ፖስታ ቤቱ ግን ከሱቁ ጋር አንድ መንገድ አይደለም፤ ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ እሱም ለምሳ ይዘጋል። ከሁለቱ አንዱን ነው የምደርስበት።

"ዓሦቹስ?" አለኝ አሁን፤ ከረጢቱን ሳልይዝ ጫማዬን ሳስር አይቶ።

"ይቆዩ።"

"ሐሙስ እኮ ነው!"

ሐሙስ ነው። በጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልሽ፤ በሩን ከፍቻለሁ፣ እየወጣሁ ነው።

ባልሽ